ስለ ሕፃናት ጥርስ አጠባበቅ በሐዋሳና በስምጥ ሸለቆ፤ የመፋቂያው፣ የውኃውና የጥርስ ሳሙናው ታሪክ

መግቢያ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፣ የጦርነትና የውል ነገር ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን እናት ልጇን ስታሳድግ የምትከተለው ልማድ፣ ውኃ የምትቀዳበት ምንጭና ከሱቅ ገዝታ ወደ ቤት የምታስገባው ዕቃም የራሱ ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሐዋሳ ከተማና በአካባቢዋ የትንንሽ ልጆች ጥርስ እንዴት ሲጠበቅ እንደ ኖረ መመርመርና፣ ከዚያም ተነሥተን ለሕፃን የሚገዛው የጥርስ ሳሙና በምን ሊመዘን እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን አንድ የትምህርት ቤት ትዝታ ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጧት ጧት በሰልፍ ላይ የጥፍር፣ የአንገትና የጥርስ ንጽሕና ይመረመር ነበር። ከሐይቆቹ ዙሪያ ከመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ጥርሳቸው እንደ ቡና የጠየመ ስለ ነበረ፣ ከሰልፉ ተለይተው እንደ ገና እንዲፍቁ ይላኩ ነበር። በከሰልና በአመድ ፈትገው ድዳቸውን አድምተው ሲመለሱ ጥርሱ ያው ነበር። እኛ ነጭ ጥርስ ያለን ደግሞ እንስቅባቸው ነበር። የእነዚያ ልጆች ጥፋት ምን ነበር? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የመፋቂያውን፣ የውኃውንና የስኳሩን ታሪክ አንድ ላይ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው።

ስለ ቀድሞው ልማድ

የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ከመምጣታቸው በፊት ሕዝባችን ጥርሱን ሳያጸዳ የኖረ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። መፋቂያ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የታወቀ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ወይራና ክትክታ፣ በአፋርና በሶማሌ ቆላ ደግሞ በእስልምናው ዓለም ሁሉ ለመፋቂያነት የተከበረው ዛፍ ለዚሁ ሥራ ሲውሉ ኖረዋል። ዛሬም በሐዋሳ አስፋልት ዳር ልጆች መፋቂያውን በእኩል እየቆረጡ በጥቅል ሲሸጡ ይታያሉ። ጫፉ ሲታኘክ እንደ ብሩሽ ይበተናል፤ በትዕግሥት የሚፍቅበትም ሰው ጥርሱን በሚገባ ያጸዳል።

ነገር ግን መፋቂያ የአዋቂ መሣሪያ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ እንጨት አኝኮ ጥርሱን ሊፍቅ አይችልም፤ እናትም በእንጨት የሕፃኑን ድድ እንዳትወጋ ትፈራለች። ስለዚህ በቀድሞው ልማድ የሕፃን ጥርስ ሳይጸዳ ይቆይ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት ጥርሱ የወተት ጥርስ ስለ ሆነ ወልቆ ይተካል የሚል ነው። ልጁም የወለቀውን ጥርስ ወደ ጣራ ወርውሮ ነጭና ጠንካራ ጥርስ እንዲሰጠው ይለምናል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። የወተት ጥርሶች ሃያ ሲሆኑ፣ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ በቅለው እስከ ሦስት ዓመት ይሟላሉ። ከእነርሱም የመንጋጋዎቹ እስከ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። እንግዲህ ልጁ በእነዚህ ጥርሶች ዐሥር ዓመት ሊበላባቸው ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የወለቁ እንደ ሆነም ለተተኪዎቹ ቦታ ጠባቂ ይጠፋና ጥርሱ ይጣመማል።

ከልማዱ ውስጥ ጐጂ የነበረውንም መሸሸግ አይገባም። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው ወይም ጡት እምቢ ሲል፣ ድዱ ያበጠው በመጥፎ ጥርስ ምክንያት ነው ተብሎ፣ ገና ያልበቀለው ጥርስ በስለት እየተፈለፈለ የሚወጣበት ልማድ በብዙ የአገራችን ክፍል ነበረ፤ ፈጽሞም አልጠፋም። ተቅማጡና ትኩሳቱ የሚመጡት ከሌላ ምክንያት ሲሆን፣ የተፈለፈለው ድድ ግን ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም ይጐዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠርቶ በሕፃናት አካል ላይ ጉዳት ከሚያደርሱት ጐጂ ልማዶች ጋር መቁጠሩ፣ ነገሩ ከመንደር ጉዳይነት ወጥቶ የመንግሥት ጉዳይ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ስለ ሐዋሳና ስለ ውኃዋ

ሐዋሳ በዕድሜዋ ወጣት ከተማ ናት። የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ይገኙበታል። ስሟ ከሐይቁ የመጣ ሲሆን በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ናት።

ለጥናታችን ዋናው ነገር ከተማዋ የቆመችበት መሬት ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ አመዱ፣ ድንጋዩና በየቦታው የሚፈልቀው ፍል ውኃ ይህን ይመሰክራሉ። በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ውኃ በድንጋዩ መካከል ለብዙ ዘመን ሲያልፍ፣ በተለይም ሙቅ የሆነ እንደ ሆነ፣ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። ካልሲየም በበዛበት ውኃ ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ ይዘቅጣል፤ የስምጥ ሸለቆ ውኃ ግን ሶዳ የበዛበትና ካልሲየም ያነሰበት ስለ ሆነ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ይቀራል። ስለዚህ ከምሥራቁ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ፍሎራይዳቸው ጥቂት ሲሆን፣ በሸለቆው ወለል ላይ የሚቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶችና ፍል ውኃዎች ግን ብዙ ይይዛሉ። በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች መጠኑ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ 1.5 ሚሊ ግራም ብቻ መሆኑን ያስታውሷል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በአንድ ከተማ፣ እንዲያውም በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች፣ አንዱ ከደጋ በመጣ የቧንቧ ውኃ፣ ሌላው ከጥልቅ ጕድጓድ በተቀዳ ውኃ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ይችላሉ። ውኃው ሁለቱም ዘንድ ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም የለው፣ ጣዕሙም አይለይ። ልዩነቱ የሚታየው ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ በልጁ ጥርስ ላይ ነው።

የጠየመው ጥርስ ምክንያት እንዴት እንደ ታወቀ

ይህ ምሥጢር በመጀመሪያ የተፈታው ከአገራችን ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ አገር ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሲሄድ፣ የአገሩ ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዎቹ ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጡ ነበር። ማኬይ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲመረምር ቆይቶ ሁለት ነገር አስተዋለ፤ ጥርሱ የሚጠይመው በልጅነታቸው የዚያን አገር ውኃ የጠጡት ሰዎች ብቻ መሆኑንና፣ ይኸው የጠየመ ጥርስ በቀላሉ የማይቦረቦር መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ1931 ቸርችል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ውኃውን መርምሮ ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑን ደረሰበት። ከዚያም ዲን የተባለው ሐኪም በልኩ የሆነ ፍሎራይድ፣ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ያህል፣ ጥርስን ሳያበላሽ ከመቦርቦር እንደሚከላከል አሳየ። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው ከተማ ፍሎራይድ በውኃዋ ላይ መጨመር ጀመረች። እንግዲህ ፍሎራይድ ሲያንስ የሚጨመር፣ ሲበዛ የሚቀነስ ነገር መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ጐልቶ የታየው በወንጂ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር፣ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት አያሌ ሠራተኞች ወደ አዋሽ ሜዳ መጡ። ሠራተኞቹና ቤተ ሰቦቻቸው ከጕድጓድ የወጣ ውኃ ሲጠጡ ኖሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጥርስ ጠየመ፤ ለረጅም ዘመን ከጠጡት አዋቂዎች ደግሞ አጥንታቸው እየደደረ ወገባቸውንና አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው ታዩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉትና ከተመረመሩት ልጆች ከ80 በመቶ የሚበልጡት የጥርስ መጠየም እንዳለባቸው ገልጸዋል።

ጥርሱ የሚጠይመው እንዴት ነው? የቋሚው ጥርስ ሽፋን፣ ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት፣ የሚሠራው ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት በመንጋጋ ውስጥ ሳለ ነው። ከተወለደ ጀምሮ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ልጁ ከልክ በላይ ፍሎራይድ የዋጠ እንደ ሆነ ሽፋኑ በሚገባ ሳይጠጥር ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል፤ የጐዳውም ከሆነ ቡናማ ይሆናል፣ ይፈረፈራልም። የፊት ጥርሶች ሽፋን በይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚደርሰው ልጁ ገና ስለ ራሱ መናገር በማይችልበት ዘመን ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ በከሰልና በአመድ ቢፈትገው ጥየማው ከሽፋኑ ውስጥ ስለ ሆነ አይለቅም፤ ፈተጋው ግን የቀረውን ሽፋን ይጨርሰዋል። በሰልፍ ላይ የተቀጡት ልጆች የተቀጡት እንግዲህ በሁለት ዓመታቸው ስለ ጠጡት ውኃ ነበር።

ስለ ስኳር

ከወንጂ የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስኳር ነው። በዚያው ስፍራ ውኃው ጥርስን ሲያጠይም፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ስኳር ደግሞ በየባላገሩ ቤት መግባት ጀመረ። ቀድሞ በሲዳማ ቤት ልጅ የሚያድገው በወተትና ከእንሰት በሚዘጋጅ ምግብ ነበር፤ ማር ለበዓልና ለመድኃኒት ይፈለግ ነበር። ዛሬ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ አለ፤ የሚያለቅስ ልጅም የሚባበለው በእነዚሁ ነው።

ባልቴቶች የተቦረቦረ ጥርስ ትል በልቶት ነው ይላሉ። ትል የለበትም፤ ነገር ግን ከትል የሚያንሱ ተሐዋስያን በጥርሱ ላይ ተጣብቀው ስኳሩን ወደ አሲድነት ይለውጡታል፣ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ያሟሟዋል። ስለዚህ አባባላቸው ከእውነት ብዙ አልራቀም። ከሁሉ የሚጐዳው ስኳር የገባበትን ጡጦ ልጁ ሌሊት በአፉ ይዞ መተኛቱ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያጥበው የለም። እንግዲህ የስምጥ ሸለቆ ልጅ በሁለት ጠላት መካከል ይገኛል፤ ከውኃው የሚመጣ መጠየም በአንድ በኩል፣ ከስኳሩ የሚመጣ መቦርቦር በሌላ በኩል። ሽፋኑ የተፈረፈረ ጥርስ ደግሞ ለመቦርቦርም የተመቸ ይሆናል።

ስለ ጥርስ ሳሙና ምርጫ

በቱቦ የሚሸጥ የጥርስ ሳሙና በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ኮልጌት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 በቱቦ መሸጥ ጀመረ፤ ስሙም በአገራችን እጅግ ከመታወቁ የተነሣ ብዙ ሰው ማንኛውንም የጥርስ ሳሙና ኮልጌት ይለዋል። ፍሎራይድ የተጨመረበትና በሐኪሞች የተመሰከረለት ሳሙና በገበያ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ በሐዋሳና በአካባቢዋ ከወላጆች የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ፣ «ጥርስ የሚያጠይመው ፍሎራይድ ከሆነ፣ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ለልጃችን ለምን እንገዛለን?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልጁ ጥርሱ እንዲነጣ ብለው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር በሳሙና ሞልተው ይሰጡታል። ሁለቱም ወገኖች ልጃቸውን ወደው የሚያደርጉት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ልኩን አልያዙትም።

ዛሬ እንደ ታወቀው ፍሎራይድ ጥርስን የሚጠቅመው በዋናነት የበቀለውን ጥርስ ከላይ ሲነካው ነው፤ አሲዱ ያሟሟውን ሽፋን መልሶ እንዲጠጥር ያግዘዋል። የሚጐዳው ግን በመዋጥ ነው፤ ያልበቀለው ጥርስ የሚጠይመው ከሆድ ወደ ደም ገብቶ በሚደርሰው ፍሎራይድ ነውና። በአጭሩ፣ ጥቅሙ በመንካት፣ ጉዳቱ በመዋጥ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ለሕፃናት የሚመከረው ሳሙና በአንድ ሚሊዮን ክፍል 1000 ክፍል ያህል ፍሎራይድ ያለበት ነው፤ በቱቦው ላይ 1000 ፒ.ፒ.ኤም. ተብሎ ይጻፋል። ይህም ማለት በአንድ ግራም ሳሙና ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚበቃው የአንዲት ሩዝ ፍሬ ያህል፣ አንድ አሥረኛ ግራም ገደማ ነው። ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ ቢታጠብና ሁሉንም ቢውጠው እንኳ 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ይገባዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ሲሆን፣ ይህም ሩብ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለቱን ጊዜ ቢውጠው 0.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ብሩሹ በሙሉ ተሞልቶ አንድ ግራም ያህል የተሰጠው ልጅ ግን በቀን 2 ሚሊ ግራም ሊውጥ ይችላል። አሁን ይህን ከውኃው ጋር እናስተያየው። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ካለው ጕድጓድ በመጠጥና በምግብ አንድ ሊትር የሚደርሰው ልጅ በቀን 5 ሚሊ ግራም ይውጣል፤ ይህም ከሩዝ ፍሬዋ ሃያ አምስት እጥፍ ነው።

ስለዚህ ሳሙናውን ትቶ ውኃውን የሚጠጣ ቤት ትንሹን ሌባ ይዞ ትልቁን ለቀቀ ማለት ነው። በዚህ ላይ ልጁ ከስኳር የሚጠብቀውን ጋሻ ያጣል።

ከዚህ በመነሣት የምርጫውን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ ወላጅ ከሱቅ በፊት ውኃውን ይጠይቅ፤ የሚጠጡት ከየት እንደ መጣና ፍሎራይዱ ተለክቶ እንደ ሆነ ከውኃ አገልግሎት ወይም ከጤና ጣቢያ መረዳት ይገባል። የጎረቤት ልጆች አዲስ የበቀሉ የፊት ጥርሶችም ምስክር ናቸው። ሁለተኛ፣ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት ከሆነ፣ ለሁሉ የሚበቃ ሌላ ውኃ ባይገኝ እንኳ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው ከቧንቧ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ከተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይሁንላቸው። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። በአገራችን የተሞከሩት ማጣሪያዎች፣ ማለት በተቃጠለ የከብት አጥንት የሚያጣሩትና ናልጎንዳ በተባለችው የህንድ ከተማ ስም የሚጠራው በአለምና በኖራ የሚሠራው ዘዴ፣ ፍሎራይድ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አጥንቱን በየጊዜው የሚለውጥና አለሙን በልክ የሚጨምር ሰው ይፈልጋሉ። ሦስተኛ፣ ሳሙናው በስሙ ወይም በሥዕሉ ሳይሆን በቱቦው ላይ በተጻፈው ቍጥር ይመረጥ። የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ሳሙና ልጁን ለመታጠብ ያስወድደዋል፤ ዳሩ ግን እንደ ከረሜላ እንዲልሰው ስለሚያደርግ ቱቦው ከልጁ እጅ ይራቅ። ጥርስ የሚያነጣ የተባለውና ሸካራው ሳሙና ለሕፃን አይሆንም። አራተኛ፣ ሳሙናውን በብሩሹ ላይ የሚያደርገው ወላጅ ይሁን፤ የመጀመሪያዋ ጥርስ ከበቀለችበት ቀን ጀምሮ ጧትና ከመኝታ በፊት ይጠብ፤ መትፋት እንደ ቻለም መትፋትን ይማር። ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ በተረጋገጠበት ቤት ስለ ሳሙናው መጠን የጥርስ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

መደምደሚያ

የሕፃናት ጥርስ ታሪክ በሐዋሳና በአካባቢዋ የብሩሽና የሳሙና ታሪክ ብቻ አይደለም። የመሬቱ፣ የጕድጓዱ፣ የፋብሪካውና የሱቁም ታሪክ ነው። ውኃ ለጠማው ሕዝብ ጕድጓድ የቈፈረው ሰው መልካም ሠራ እንጂ ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ውኃው ከመጠጣቱ በፊት መለካት ነበረበት። ዛሬ መለኪያው አለ፤ ምክንያቱም ታውቋል። ከእንግዲህ ልጆች ጥርሳቸው ጠይሞ ቢያድጉ አላወቅንም ለማለት አንችልም።

ለጓደኞቻችን ተማሪዎች፣ በተለይም ነገ በስምጥ ሸለቆ ትምህርት ቤቶች መምህራን ለሚሆኑት፣ አንድ አደራ አለን። በሰልፍ ላይ ጥርሱ የጠየመ ልጅ ሲቆም ብታዩ፣ ጥርስህን ፍቀሃል ወይ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት በልጅነትህ የጠጣኸው የየትኛውን ጕድጓድ ውኃ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ታናናሽ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከዚያው ጕድጓድ እየጠጡ እንደ ሆነም ጠይቁት። እኛ ያን ጊዜ ይህን አናውቅም ነበርና ሳቅን፤ ያን ሳቅ ዛሬ ስናስታውሰው እናፍርበታለን።